ወደ ቁልቢ የሚያወጡ መንገዶች

ቁልቢ ገብርኤል ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው ዋና መንገድ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ኮረብታ ላይ ያለ ደብር ነው። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። ታኅሣሥ ሲቃረብ «ዘንድሮ ቁልቢ ትሄጃለሽ?» የማይባባል ሰፈር የለም፤ ስለ ስለቱና ስለ ተአምሩም ብዙ ይወራል። ስለ አወጣጡ ግን የሚነግር ብዙ አይገኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገረው በዚሁ ነው፦ በአውቶቡስ ልሂድ፣ በባቡር ወይስ በአውሮፕላን? የት ልውረድ? ከዚያስ በምን ልውጣ?

ደብሩ እዚያ ቦታ ላይ የቆመው በመንገዱ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከሐረር ወደ ሸዋ የሚሻገር ነጋዴና ወታደር ሁለት ምርጫ ነበረው፤ በቆላው በረሃ መውረድ ወይም በጨርጨር ተራሮች ጀርባ ደጋ ደጋውን መጓዝ። ቁልቢ የደጋው መንገድ ማረፊያ ነበረች። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን ያስተዳደሩት ራስ መኮንን በዚህ መንገድ ተመላልሰዋል። በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዓድዋ ድል በኋላም ለቅዱስ ገብርኤል የምስጋና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እዚሁ ነው፤ ወደ ጦርነቱ ሲዘምቱ ተስለው ነበር ይባላል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1898 ዓ.ም.፣ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከሐረር ተነሥተው ሳለ ታመሙና ቁልቢ ላይ አረፉ። ዛሬ የምናየው ትልቁ ሕንፃ በልጃቸው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታነጸ ነው።

ያ የደጋ መንገድ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ቀላሉ ነገር የሐረር ወይም የድሬዳዋ አውቶቡስ መያዝ ነው፤ ሁለቱም በቁልቢ ያልፋሉ። እንደ ሰላም ባስና ስካይ ባስ ያሉት ትልልቅ አውቶቡሶች ገና ሳይነጋ ስለሚነሡ ቲኬት ቀደም ብሎ መቁረጥ ይበጃል። ቁልቢ የመጨረሻ ጣቢያ ስላልሆነች እስከ ድሬዳዋ ወይም እስከ ሐረር ያለውን ሙሉ ሒሳብ መክፈል ሊኖር ይችላል። ሲሳፈሩ «እኔ ቁልቢ ነኝ» ብሎ ለረዳቱ መንገር ያስፈልጋል፤ ጨለንቆን እንዳለፉም ዕቃን ሰብሰብ አድርጎ «ወራጅ አለ» ለማለት መዘጋጀት ነው። ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦርና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር የተዋጉባት ቦታ ናት፤ በመስኮት እያዩ ማለፍ ብቻ ያሳዝናል።

በራሱ መኪና የሚሄድ ሰው እስከ አዳማ የክፍያ መንገዱን ይዞ፣ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ ሚኤሶ ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ ሜዳና ሙቀት ነው። ከሚኤሶ በኋላ ወደ አሰበ ተፈሪ መውጣት ሲጀመር አየሩም መሬቱም ይለወጣል። ሂርናን፣ ቆቦን፣ ጨለንቆን እያለፉ መንገዱ በተራሮቹ ወገብና ጫፍ ይጠማዘዛል፤ ግራና ቀኙ በእርከን የተያዘ የማሽላና የጫት ማሳ ነው። ይህን ክፍል በቀን ብርሃን መንዳት ግድ ነው እላለሁ። በክረምት ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት እንኳ በቅጡ አይታይም፤ መታጠፊያው ብዙ ነው፣ የጭነት መኪናም አይጠፋም። ሌሊት ተነድቶ የሚተርፈው ጊዜ ከዚህ አደጋ ጋር አይመዛዘንም።

ሁለተኛው አቅጣጫ በድሬዳዋ በኩል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነገር አለ፦ ባቡሩ ለምን ሐረርና ቁልቢ አይደርስም? የጥንቱ ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራውን ማስወጣት ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነና ሐዲዱ ከተራራው ሥር በ1895 ዓ.ም. ቆመ። እዚያ የበቀለችው ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች፤ ድሬዳዋ ናት። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ እሱም ቢሆን የሄደው ቆላ ቆላውን ነው። እንዲህ ሆኖ ትውልድ ከትውልድ የቁልቢ ተሳላሚ በባቡር ድሬዳዋ እየወረደ ቀሪውን በመኪና ሲወጣ ኖሯል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም የሚከተለው ይህንኑ ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ በኩል የሚነሣው ከለቡ ነው፤ የድሬዳዋው ጣቢያም እንደ ድሮው ከዚራ በሚባለው ሰፈር መሀል ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚገኝ፣ ከባቡር ወርዶ ወደ መናኸሪያ ለመድረስ ሌላ መኪና ያስፈልጋል። ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል አስቀድሞ ጠይቆ መነሣት ነው። አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለስለት የሚመጡት ወገኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት እሱን ነው።

ከድሬዳዋ ቁልቢ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከመናኸሪያው ሚኒባስ ሞልቶ ሲነሣ ሁሉም መስኮት ክፍት ነው፣ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ከከተማው ወጥቶ የደንገጎን ዳገት ሲጀምር ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ያጓራል፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ድሬዳዋ ወደ ታች እየራቀች ቆርቆሮዋ ብቻ ያብለጨልጫል። ጥቂት እንደወጡ አንዱ መስኮት ይዘጋል፣ ቀጥሎ ሌላው። ደንገጎ ሲደርሱ እናቶች ነጠላቸውን ደርበው ትከሻቸው ላይ ጠቅልለዋል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ። ስለዚህ ጋቢ ሳይዙ መውጣት ጥሩ አይደለም፤ በተለይ የታኅሣሥ ሌሊት ሜዳ ላይ ለሚያድር ሰው ብርዱ አጥንት ይገባል። ደንገጎ መገንጠያ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ ሐረር፣ ሌላው ወደ ቁልቢና አዲስ አበባ ይሄዳል። የሐረር መኪና የያዘ ሰው እዚህ ወርዶ መቀየር ይኖርበታል።

ዓመታዊው ክብረ በዓል ሁለት ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የዳኑበት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላው ውኃ የዳኑበት መታሰቢያ ነው። የታኅሣሡ ከአገር ዳር እስከ ዳር ሰው የሚጎርፍበት ነው። መኪናው ከቁልቢ ከተማ በፊት በረጅሙ ተሰልፎ ስለሚቆም፣ በምንም መጡ በምን የመጨረሻው ዳገት የእግር ነው። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ፤ በጉልበቱ የሚሄድ አለ፤ በስለት ያገኘችውን ልጅ ክርስትና ልታስነሣ አዝላ የምትወጣ እናት አለች። ጥላ፣ ጧፍ፣ ምንጣፍ፣ ወርቅ፣ በግና ወይፈን ሳይቀር በዚያ መንገድ ይወጣል። ሙስሊም ጎረቤቶችም ስለታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ይህ በሐረርጌ እንግዳ ነገር አይደለም።

አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን የታኅሣሡን ሰሞን አልመክርም። ስለቱ በሌላ ቀንም ይሰጣል። በወሩ 19፣ ወይም በማንኛውም ተራ ቀን ቢሄዱ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ድረስ በመኪና ይወጣል፤ ታቦቱ ካለበት ደጅ ቁጭ ብሎ በጸጥታ መጸለይ ይቻላል፤ ካህናቱንም ረጋ ብለው ያነጋግሯቸዋል። በበዓሉ ሰሞን ታሪፍ ይጨምራል፣ ትርፍ የሚጭን መኪናም ይበዛል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ከልክ በላይ ከሞላ መኪና ወርዶ ሌላ መጠበቅ እምነት ማነስ አይደለም።

መመለሻውን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ወደ አዲስ አበባ የሚያልፉት አውቶቡሶች ከሐረርና ከድሬዳዋ ሞልተው ስለሚመጡ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ባዶ ወንበር መጠበቅ ቀኑን ሊፈጅ ይችላል። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ፣ የማግሥቱን ቲኬት ቆርጦ፣ እዚያው ማደሩ የተሻለ ነው።