አንጎልን በገዛ ሞገዱ ማሠልጠን፦ ለአእምሮ ሕመም ይረዳል?

ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቱ ባለው ስክሪን ፊልም ያያል። ራሱ ላይ፣ በፀጉሩ መሃል፣ ቅባት የተቀቡ ኤሌክትሮዶች ተለጥፈዋል። አንጎሉ የተፈለገውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ሲያመነጭ ፊልሙ ይቀጥላል፤ ሲያጓድል ስክሪኑ ይደበዝዛል። መሣሪያው ሞገዱን ይመዘግባል እንጂ ወደ ጭንቅላት ኤሌክትሪክ አይልክም። ኒውሮፊድባክ የሚባለው ይህ ሥልጠና ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ጊዜ ይደጋገማል።

የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር ነው፤ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1924 ነበር። ሞገዱን ማሠልጠን ግን በ1960ዎቹ መጣ። ባሪ ስተርማን በካሊፎርኒያ ድመቶችን በምግብ እየሸለመ፣ በሰከንድ ከ12 እስከ 15 ጊዜ የሚርገበገበውን ሞገድ እንዲያበዙ አስተማራቸው። ቆይቶ በእነዚሁ ድመቶች ላይ የሮኬት ነዳጅ መርዛማነት ሲፈተሽ ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ የሠለጠኑት መርዙ የሚያመጣውን መንፈራገጥ ከሌሎቹ ይልቅ ተቋቋሙት። ይኸው ሥልጠና የሚጥል በሽታ ባለባት ሴት ላይ ያስገኘው ውጤት በ1972 ታተመ። ከዚያ በኋላ ዘዴው ትኩረት ማጣት ላለባቸው ልጆች፣ ለመጠጥ ሱሰኞችና በደረሰባቸው አስከፊ ነገር አእምሯቸው ለተጎዳ ሰዎች ተሞከረ።

ብዙዎች ተሻለን ይላሉ። ያሻላቸው ግን የሞገዱ ሥልጠና ነው?

ይህን ለመለየት አሜሪካ ውስጥ ትኩረት ማጣት ያለባቸው፣ ከ7 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ከ140 በላይ ልጆች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በራሱ ሞገድ ሠለጠነ፤ የሌላው ሥልጠና ግን ማስመሰያ ነበር፤ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ቀድሞ የተቀዳ ሞገድ ነው። ማን የቱ ውስጥ እንዳለ ልጆቹም ወላጆቻቸውም አላወቁም። በ2021 በታተመው ውጤት ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በኦስትሪያ በእንቅልፍ እጦት በሚቸገሩ ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2017 የወጣው ጥናትም እዚያው ላይ ደረሰ፦ የማስመሰያው ሥልጠና ከእውነተኛው አላነሰም።

ስለዚህ መሻሻሉ ሐሰት አይደለም። አሠልጣኙ የሚሰጠው ጊዜ፣ የታካሚው ተስፋ፣ ለሳምንታት ጸጥ ብሎ የመቀመጥ ልምድ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። አስከፊ ነገር ለደረሰባቸው ሰዎችም ተስፋ ሰጪ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን በ2016 የወጣውና 52 ሰዎች የተካፈሉበት ታዋቂው ጥናት ሠልጣኞቹን ያወዳደረው ተራ ከሚጠብቁ ጋር እንጂ በማስመሰያ ከሠለጠኑ ጋር አልነበረም።

እስካሁን ባለው ማስረጃ ኒውሮፊድባክ የታወቀውን ሕክምና የሚተካ አይደለም። ሊሞክረው የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ የጀመረውን መድኃኒትም በራሱ ውሳኔ አያቋርጥ።