ትንንሾቹ ቅጠሎች

ከሸጎሌ ከፍ ብሎ ወዳለው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ተማሪዎቼን ስወስድ እርሳስና ወረቀት ብቻ አስይዛቸዋለሁ። ስልክ ከቦርሳ አይወጣም። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ዓይን የሚሠለጥነው በእጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቅርቡ ኮሶ ሥር ተቀምጠን «ቅጠሉን ሣሉ» አልኳቸው። በአምስት ደቂቃ ጨረሱ፤ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ ረዣዥም ቅጠሎች። «እስኪ ደግማችሁ እዩ» አልኩ። አንዲት ልጅ ዘንጉን በጣቷ ስትከተል ቆየችና «ቲቸር፣ በትልልቆቹ መሀል እኮ ትንንሽ ክብ ቅጠሎች አሉ!» አለች። ሁሉም ወደየቅጠላቸው አቀረቀሩ። እውነትም አሉ። ኮሶን ከሌላው ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ እነሱ ናቸው።

የሉዊጂ ባሉጋኒን ታሪክ ያነሳሁላቸው ያኔ ነው። ባሉጋኒ ከቦሎኛ የመጣ የሕንፃ ንድፍ ሠዓሊ ነበር፤ ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ኮሶን፣ እንሰትን፣ ጤፍን፣ ቁልቋልን፣ ዋንዛን ሣለ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ከብሩስ ጋር እስከ ግሽ ዓባይ ወርዶ የመንገዱን ማስታወሻ ጻፈ። በ1771 መጀመሪያ በደም ተቅማጥ ጎንደር ላይ ሞተ።

ብሩስ በ1790 አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ አድርጎ አቀረበ። ባሉጋኒም ወደ ዓባይ ምንጭ ከመውረዳቸው በፊት እንደሞተ ጻፈ። የሟቹ ማስታወሻ ግን ተቀምጦ ኖሮ እውነቱን አወጣው። ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ በዬል የብሪታኒያ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። የባሉጋኒን ስም በርዕሱ የያዘ የሥዕሎቹ ጥናት የታተመው በ1991 ነው፤ ከሞተ 220 ዓመት በኋላ።

የኮሶ ሳይንሳዊ ስም ሀጌኒያ አቢሲኒካ ነው። ሙሉው ሲጻፍ የብሩስ ስም በቅንፍ ይከተላል፤ ዛፉን በመጽሐፉ ለሳይንስ ያስተዋወቀ እሱ ነውና። ዛፉን ጎንበስ ቀና እያለ የሣለው ሰው ግን በቅንፉ ውስጥ የለም።

ይህ የሚያሳዝነኝ ለአንድ ሰው ክብር ብዬ ብቻ አይደለም። ሥዕልን የሳይንስ ጌጥ አድርገን ስለምናይ ነው። ሠዓሊ የቱ መስመር እንደሚያስፈልግ ሲወስን እያጠና ነው። ኮሶ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ ፎቶ በአንድ ቀን የአንዱን ዛፍ መልክ ይይዛል፤ ሠዓሊ ግን የሁለቱን አበባ፣ ቅጠሉንና ፍሬውን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ያኖራል። በ1980 ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጽ የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መጽሐፍም ካሜራ በሞላበት ዘመን የመስመር ሥዕልን አልተወም።

ስለዚህ ከዚያን ቀን ወዲህ ሥዕል ስቀበል መጀመሪያ የማየው ግርጌውን ነው። ማን ሣለው? መቼ? የት? የልጅቷ ወረቀት ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ትንንሾቹ ቅጠሎች አንድም ሳይጎድሉ አሉ፤ ከሥራቸው ሙሉ ስሟ፣ ቀኑ፣ ከዚያም «ሸጎሌ» የሚል ተጽፏል።