የውሾች የዳሌ መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምናና የረጅም ጊዜ ውጤቱ

በአርባ ምንጭ ከተማ ግቢውን ለማስጠበቅ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ የሚያሳድግ ሰው፣ ውሻው ዓመት ሳይሞላው ከተኛበት ለመነሳት ሲቸገር፣ ሁለት የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አጣምሮ ሲዘልና ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት ለመውጣት ሲያመነታ ቢመለከት፣ ውሻው በዱላ የተመታ ሊመስለው ይችላል። ምልክቶቹ ግን ሂፕ ዲስፕሌዢያ የሚባለውን የዳሌ መገጣጠሚያ የእድገት ጉድለት የሚያመለክቱ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያረጋግጠው ራጅ ነው። የኋላ እግሩ ከመድከሙ ጋር ለሃጩን የሚያዝረበርብና ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ግን በእብድ ውሻ በሽታ ሊጠረጠር ስለሚገባው ሊነካ አይገባም።

ሂፕ ዲስፕሌዢያ ያለበት ቡችላ ሲወለድ መገጣጠሚያው ጤናማ ይመስላል። በእድገቱ ወቅት የጭን አጥንቱ ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ጠብቆ ከመቀመጥ ይልቅ እየላላ በየእርምጃው ይንሸራተታል። በዚህም ልም አጥንቱ እየተፋቀ ሄዶ የማይቀለበስ የመገጣጠሚያ ብግነት ይከተላል። ጉድለቱ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ ፈጥነው በሚያድጉ ትላልቅ ዝርያዎች ላይ ይበረታል። በጨንቻና በዶርዜ ደጋ በጎችን ከጅብ የሚጠብቀው ቀጠን ያለ የአገር ውሻ ተጋላጭነቱ አነስተኛ እንደሚሆን ይገመታል።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነት እንደ ውሻው ዕድሜ ይለያያል። ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ በዳሌው ግርጌ የሚገኘውን የአጥንት እድገት በኤሌክትሪክ ሙቀት በማስቆም ጎድጓዳው የጭኑን ራስ ይበልጥ እንዲሸፍን ይደረጋል። እስከ 10 ወር ገደማ ደግሞ የዳሌውን አጥንት በሁለት ወይም በሦስት ስፍራ ቆርጦና አዙሮ በብረትና በብሎን ማሰር ይቻላል። ሁለቱም የሚጠቅሙት ብግነቱ ሳይጀምር ነው። አብዛኞቹ ውሾች ለዓመታት በደህና ቢራመዱም፣ ቆይቶ በሚነሳ ራጅ የብግነት ምልክት በብዙዎቹ ላይ ይታያል። ይህም ለባለቤቱ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነው።

ከሁሉም የተሻለ ውጤት ያለው እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው ሙሉ መገጣጠሚያውን በብረትና በፕላስቲክ የመተካት ሕክምና ሲሆን፣ ከ10 ውሾች 9 ያህሉ መልካም አካሄድ እንደሚያገኙ ሪፖርቶች ያመለክታሉ። ሆኖም ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ የተተካው መገጣጠሚያ ሲወልቅ ወይም ሲመረቅዝም ዳግም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ውስብስብ መሣሪያ የማይሻው አማራጭ የጭን አጥንቱን ራስ ቆርጦ ማውጣት ነው። በስፍራው ጡንቻና ጠባሳ ተጋግዘው እንደ መገጣጠሚያ ያገለግላሉ። አጥንት ከአጥንት መፋተጉ ስለሚቀር ሕመሙ ይቀንሳል፤ እግሩ ግን ያጥራል፣ ጡንቻውም ይሳሳል። ባለቤቱ ድኗል ያለው ውሻ አካሄዱ በመሣሪያ ሲለካ ማነከሱ የሚታወቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ውጤቱ በትናንሽና በቀጫጭን ውሾች የተሻለ ሲሆን፣ ውሻው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ መራመድ ካልጀመረ ዳሌው ይተሳሰራል። ልምምዱ በሜዳ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ዳገት ቢሸጋገር ይመረጣል።

የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኝባት ቢሾፍቱ ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለሆነም በጋሞ ዞን ለሚኖር የውሻ ባለቤት ቅርቡ መፍትሔ የምግቡ መጠን ነው። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ውሾችን ከቡችላነት እስከ ሞት ተከታትሎ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2002 ውጤቱ ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ ከእኩዮቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የተመገቡት ውሾች የዳሌ ብግነታቸው ዘግይቶና ቀሎ ከመታየቱም በላይ ዕድሜያቸው በ2 ዓመት ገደማ ረዝሟል። ቡችላን ቶሎ ለማፋፋት ከመጠን በላይ መመገብ የተለመደ ቢሆንም ጉዳቱ በዳሌው ላይ ያርፋል። ለሰው የተዘጋጁ እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችም የውሻን ሆድና ኩላሊት ስለሚጎዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሰጠት የለባቸውም።

ቡችላ የሚገዛ ሰው የወላጆቹን የዳሌ ራጅ ውጤት መጠየቅ ይኖርበታል። ራጅ በማይገኝበት ስፍራ ቢያንስ እናቲቱ ከተኛችበት ስትነሳና ስትሮጥ ማየት ይቻላል።