«በ» ሁልጊዜ «ባይ» አይደለም፦ የእንግሊዝኛ መስተዋድድ ተረትና እውነታ

አሰላ ውስጥ ትምህርት ቤቶች አጠገብ ካሉ ፎቶኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ ብትሉ፣ ከአሮጌ የፈተና ወረቀቶች ጋር አንድ ገጽ ዝርዝር አታጡም። በግራ የአማርኛው መስተዋድድ፣ በቀኝ የእንግሊዝኛው ተደርድሯል። «በ» ባይ፣ «ከ» ፍሮም፣ «ወደ» ቱ፣ «ላይ» ኦን፣ «ጋር» ዊዝ። ልጆች ገዝተው ይሸመድዱታል። አንዳንድ አስጠኚም የመጀመሪያ ትምህርቱ ያደርገዋል።

ተረት፦ እያንዳንዱ የአማርኛ መስተዋድድ የታወቀ የእንግሊዝኛ አቻ አለው፤ ዝርዝሩን የያዘ ተማሪ ዓረፍተ ነገር መሥራት አያቅተውም።

እውነታ፦ በእንግሊዝኛ መስተዋድዱን በአብዛኛው የሚመርጠው ግሱ ወይም አብሮት ያለው ስም ነው። የአማርኛው ፊደል ምርጫው ላይ ድምፅ የለውም።

ዝርዝሩ ከባዶ ተነሥቶ የተጻፈ እንዳልሆነ አምናለሁ። «በመኪና መጣሁ» ሲባል «በ» በእርግጥ «ባይ» ነው። «ከአዳማ መጣሁ» ሲባልም «ከ» «ፍሮም» ነው። ጀማሪ አንድ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ በተማሪ በታጨቀ ክፍል ውስጥ ለሚያስተምር መምህርም ዝርዝር ለማስተማርም ለመፈተንም ይቀላል። ችግሩ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። በቢላ ቆረጠ ስንል «ዊዝ ኤ ናይፍ» ነው። በእግር ሄደ «ኦን ፉት»፣ በጠዋት ተነሣ «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ በሌሊት ደረሰ ደግሞ «አት ናይት»። አንዱ «በ» አምስት ቦታ አምስት መልክ ያዘ። ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ጉዳቱ የሚብሰው ተውላጠ ስም ሲጨመር ነው። አማርኛ «እኔን» የሚለውን ግሱ ውስጥ ይከተዋል። እርዳኝ፣ ንገረኝ፣ ጠብቀኝ፣ ስማኝ፣ እየኝ፣ አስረዳኝ እንላለን፤ ሁሉም መጨረሻቸው «ኝ» ነው። አንድም መስተዋድድ ስለማይታይ ዝርዝሩ እዚህ ላይ የሚሰጠው ምክር የለም። ስለዚህ ልጁ «ዌት ሚ»፣ «ሊስን ሚ»፣ «ኤክስፕሌን ሚ» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛው «ሄልፕ ሚ» እና «ቴል ሚ» ይላል፤ ጠብቀኝን ግን «ዌት ፎር ሚ»፣ ስማኝን «ሊስን ቱ ሚ»፣ እየኝን «ሉክ አት ሚ»፣ አስረዳኝን «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» ያደርገዋል።

በተቃራኒው አማርኛው መስተዋድድ ባለበት እንግሊዝኛው የማይፈልግበት ቦታም አለ። «ወደ ክፍል ገባሁ» ያለ ልጅ «ኢንተርድ ቱ ዘ ክላስ» ይጽፋል፤ ትክክሉ ያለ «ቱ» ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» «ዲስከስድ አባውት» ይሆናል፤ «አባውት» ትርፍ ነው። «ከእሷ ጋር ተጋባ» «ማሪድ ዊዝ ኸር» ይሆናል፤ «ዊዝ» አያስፈልግም። እነዚህን ስህተቶች የሚጽፈው ሰነፉ ልጅ አይደለም። ዝርዝሩን በትጋት ያጠናው ነው።

ከዚህ በላይ የሚያንገበግበኝ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት ደብተር ነው። «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ከሚለው ውስጥ «ኢት» ተሰርዟል፤ ለምን እንደተሰረዘ የተጻፈ ነገር የለም። ልጁ ግን ምክንያት ነበረው። «የገዛሁት መጽሐፍ» ሲል «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች፤ እሷን አምኖ «ኢት» አስገባ። እንግሊዝኛው ውስጥ የ«ት»ን ሥራ «ዊች» ስለሠራው «ኢት» ትርፍ ሆነ። በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ማብራሪያ ነበር። ማብራሪያ ያጣ ተማሪ ግን እንግሊዝኛ ሕግ የሌለው ነገር ነው ብሎ ይደመድምና አፉን ይዘጋል።

አሰላ ባለችበት በአርሲ የእንግሊዝኛ መስተዋድድ ጉዳይ ቀላል ነገር አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቆይቷል። እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ የተማረ የጭላሎ ተራራ ሥር ልጅ፣ 9ኛ ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም እንግሊዝኛ ይሆንበታል። እዚያ ደግሞ መስተዋድድ ውጤት ይለውጣል። «ሰብትራክት 3 ፍሮም 10» የሚለውን በቅደም ተከተል ያነበበ ልጅ ከ3 ላይ 10 ይቀንሳል፤ መልሱ ግን 7 ነው። «ዲቫይድ 12 ባይ 3» እና «ዲቫይድ 3 ኢንቱ 12» ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋውጠውም መልሳቸው አንድ ነው፤ 4። የአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋ «ሮዝ ባይ 500» ከተባለ በነበረው ላይ 500 ብር ተጨመረ ማለት ነው፤ «ሮዝ ቱ 500» ከተባለ ግን አዲሱ ዋጋ 500 ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። ነገር ግን ጥያቄውን በትክክል ያላነበበ ልጅ የሚያውቀውንም አይመልስም።

ስለዚህ ዝርዝሩን እያባዙ ለሚሸጡና «ይህን ያዝ፣ ይበቃሃል» ለሚሉ ሰዎች ትዕግሥት የለኝም። ልጁ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ድፍረቱንም ነው የሚከፍለው።

መፍትሔው ከራሳችን ቋንቋ አይርቅም። ዳኛው «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚሉት ተቃራኒ መሆናቸውን ማንም ልጅ አይስተውም። ግሱ አንድ ነው፤ «ለ» እና «በ» ከተውላጠ ስሙ ጋር ገብተው ትርጉሙን ገለበጡት። «ቁጭ አለ» እና «ብድግ አለ» ስንልም «አለ» ተናገረ ማለት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ጥምሩን አንድ አድርገን ነው የያዝነው። የእንግሊዝኛው «ጊቭ አፕ»ም (ተስፋ ቆረጠ) እንደዚያው በጥምር የሚያዝ ነው። ግሱ ከመስተዋድዱና ከተውላጠ ስሙ ጋር በአንድነት ይጠና፦ «ዌት ፎር ሚ»፣ «ዌት ፎር ኸር»፣ «ዌት ፎር ዘም»።

የተውላጠ ስሙ ቦታም በዚሁ ይያዛል። ጫማህን አውልቅ ለማለት «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ»ም «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ»ም ይቻላል። ጫማው በተውላጠ ስም ሲተካ ግን «ቴክ ዘም ኦፍ» ብቻ ነው፤ ምክንያቱም «ኦፍ» የግሱ አካል ነው። ፈልገው ለማለት ደግሞ «ሉክ ፎር ኢት» እንጂ «ሉክ ኢት ፎር» አይባልም፤ እዚህ «ፎር» እውነተኛ መስተዋድድ ስለሆነ ተውላጠ ስሙ ከኋላው ይከተላል።

የቀሩትን ተረቶች ባጭሩ እንያቸው።

ተረት፦ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አያልቅም። እውነታ፦ ያልቃል። «ሁ ዲድ ዩ ጎ ዊዝ?» ትክክል ነው። ተቃውሞውን በ1672 እ.ኤ.አ. ያነሣው ባለቅኔው ጆን ድራይደን ነበር፤ የእሱ ምርጫ የቋንቋው ሕግ አይደለም።

ተረት፦ «ዩ ኤንድ አይ» ሁልጊዜ ከ«ዩ ኤንድ ሚ» ይሻላል። እውነታ፦ ከመስተዋድድ በኋላ «ሚ» ነው፤ «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» ይባላል።

ተረት፦ ለመጓጓዣ ሁሉ «ኢን» ይሠራል። እውነታ፦ በሚኒባስና በባጃጅ «ኢን»፣ በትልቅ አውቶቡስ «ኦን» ይባላል። ቆሞ መሄድ የሚቻልበት ከሆነ «ኦን» ይበዛል፤ ፈረስና ብስክሌት ላይ ግን መቆም ባይኖርም «ኦን» ነው።

ተረት፦ ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ መናገር እንግሊዝኛን ያበላሻል። እውነታ፦ በአሰላ ገበያ የምትሰሙት አፋን ኦሮሞ «ና ጋርጋሪ» (እርዳኝ) እና «ናፍ ኢብሲ» (አስረዳኝ) ብሎ «ና»ን ከ«ናፍ» ይለያል። እንግሊዝኛውም «ሄልፕ ሚ»ን ከ«ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» የሚለየው በዚሁ ቦታ ነው። ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ በገጠሙበት ግን ልጁ ግማሹን መንገድ ቀድሞ ሄዷል። የቤቱን ቋንቋ እንዳይናገር የተከለከለ ልጅ የሚያጣው ይህን ድጋፍ ነው።

መምህራን ሆይ፣ ስህተቱን ስትሰርዙ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉለት። ወላጆች፣ ልጃችሁን ቤት ውስጥ በሚያውቀው ቋንቋ አናግሩት። አንተም ተማሪው፣ አንቺም ተማሪዋ፣ ያን ወረቀት አስቀምጡና ከመማሪያ መጽሐፋችሁ በየቀኑ ጥቂት ግሶችን ከነመስተዋድዳቸው አውጥታችሁ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ዓመቱ ሳያልቅ ለውጡን በራሳችሁ ደብተር ታዩታላችሁ።