የሳሎኑ ባሕር ማዶው ወዴት ነው?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሰው ቤት በእንግድነት ስንገባ ከሶፋው በላይ ተሰቅሎ የምናገኘው ብዙ ጊዜ የባሕር ወይም የትልቅ ሕንፃ ፎቶግራፍ ነው። ለጌጥ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኛ ዕጩ መምህራን ግን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። ለምን ቢሉ፣ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ለብዙው የእነዚህ ከተሞች ልጅ ባሕር ማለት ያ የግድግዳ ፎቶግራፍ ነው።

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ ይዘን ክፍል ገባን። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ማዶው የት አለ?» አለን። ሌላዋ ደግሞ «ይሄ ውሃ ነው ጉም?» አለች። ሁለቱንም በቅጡ መመለስ አቃተን። ኋላ ጠይቀንና አንብበን የደረስንበት ይህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጉሙ። ካሜራው ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ ተከፍቶ ቶሎ ከተዘጋ ማዕበሉ ባለበት ቀጥ ብሎ ይታያል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስሮ ለብዙ ሰከንድ ክፍት ከተወው ግን የሚመጣና የሚመለሰው ማዕበል ተደራርቦ ጉም ይመስላል፤ ጥርት ብሎ የሚቀረው ዐለቱ ነው። በሕንፃም ላይ እንዲሁ ነው፤ ግንቡ ይቀራል፣ መንገደኛው ይጠፋል። ፈረንሳዊው ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 የፓሪስን ጎዳና ሲያነሳ ጋሪውም እግረኛውም ጠፍቶ በጉልህ የቀረው ጫማውን ሊያስጠርግ የቆመ ሰው ነበር። ሊስትሮ ጋ መቆሙ ለታሪክ አበቃው!

ማዶውስ? ምድር ክብ ስለሆነች ከባሕር ዳርቻ የቆመ ሰው የውሃውን ገጽ ማየት የሚችለው እስከ 5 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውሃው ጎብጦ ከዓይን ይሰወራል። በቡራዩ አጠገብ ያለውን የገፈርሳን ግድብ የለመደ ልጅ ውሃ ሁሉ ማዶው የሚታይ ይመስለዋል። ከባሕር ዳር ከተማ ሆኖ ጣናን ያየ ግን ጎርጎራ እንደማይታይ ያውቃል።

እንግዲህ እነዚህ ፎቶግራፎች ያማሩት አንድም ሰው ስለሌለባቸው ጭምር ነው። ነገር ግን ሰው ከሌለ መጠኑ አይታወቅም። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ በተነሳ ፎቶግራፍ ብቻ ያየ ልጅ መሬት ላይ የተሳለ መስቀል ይመስለዋል፤ ከአንድ ዐለት 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የተፈለፈለ መሆኑ የሚገባው ከሥሩ የቆመ ሰው ሲያይ ነው።

ስለዚህ ፎቶግራፍ ይዘን ክፍል ስንገባ ሦስት ነገር እናስጠይቅ፦ ፎቶ አንሺው የት ቆመ? ካሜራው ለምን ያህል ጊዜ ተከፈተ? ሰው ቢቆምበት ምን ያህል ሆኖ ይታያል?

ለሁለቱ ልጆች በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰን መልሱን ነገርናቸው። አላውቅም ማለት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይመልሱ መቅረት ነው።