በታኅሣሥ የተገፈፈ ጋቢ

(ምስል፦ ነጭ ተራሮች፣ በረዶ የሆነ ሐይቅ። ድምፅ፦ ነፋስ ብቻ።)

ተራኪ፦ አቢስኮ። የስዊድን ሰሜናዊ ጫፍ፤ ከአርክቲክ ክበብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ። እዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ አትወጣም። እኩለ ቀን ሲሆን ሰማዩ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ መልሶ ይጨልማል።

ከበረዶው ሥር ቁርጭምጭሚት የማያልፉ ቁጥቋጦዎች ተኝተዋል። ከነሱ ብዙዎቹ በአገራችን በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከምናውቀው አስታ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዘመድ ናቸው። በረዶው ጋቢያቸው ነው። ላዩ ላይ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ከሥር ያለው ቅዝቃዜ ለዘብ ይላል።

(ድምፅ፦ የሚንጠባጠብ ውኃ።)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ይህ ጋቢ ተገፈፈ። በሰሜን ስካንዲኔቪያ ሙቀቱ በድንገት ወደ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ወጣ፤ በረዶው በጥቂት ቀናት ቀለጠ። ዕፅዋቱ ከእንቅልፋቸው ነቁ፤ ብርድ የሚመክቱበትን ጥንካሬም ጣሉ። ውርጩ ተመልሶ ሲመጣ እርቃናቸውን አገኛቸው።

በቀጣዩ በጋ ምድሩ በየቦታው ቡናማ ሆኖ ታየ። ግን ምን ያህሉ? መንገድ የሌለውን ተራራና ረግረግ በእግር ዞሮ የሚጨርስ የለም። መልሱ ከሰማይ መጣ።

(ምስል፦ ምድርን የምትዞር ሳተላይት።)

ተራኪ፦ ጤነኛ ቅጠል ምግቡን ለመሥራት ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ታህተ ቀይ ብርሃን ግን በብዛት መልሶ ይረጫል። ሳተላይቷ ሁለቱን ትለካለች። ልዩነታቸው ለድምራቸው ሲካፈል አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ጥቅጥቅ ያለ ልምላሜ ላይ ወደ 1 ይጠጋል፣ ባዶ አፈር ላይ ወደ 0 ይወርዳል። ደመና ቁጥሩን ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ባለሙያዎች የሁለት ሳምንት ያህል ምስሎችን ደርድረው ለእያንዳንዱ ቦታ ከፍተኛውን ቁጥር ይመርጣሉ። በአርክቲክ ይህ ቀላል አይደለም። ደመናው ብዙ ነው፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ትዞራለች፣ ቅጠል የሚታይበት ወቅትም ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

ይህ ስሌት ለእኛም ባዳ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ በኢትዮጵያና በሱዳን የደረሰው እልቂት እንዳይደገም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ስታቋቁም፣ ባለሙያዎቹ የአዝመራውንና የግጦሹን ሁኔታ ከሰማይ ከሚከታተሉባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ቁጥር ነበር። የተራበ ሰው ለማዳን የዋለው መለኪያ ዛሬ የበረዶ ምድርን ቁጥቋጦ ይጠብቃል።

ከ2007ቱ ሙቀት በኋላ በሰሜን ስካንዲኔቪያ ቁጥሩ የተናገረው ከባድ ነበር። ከ1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መሬት ልምላሜው በ26 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ።

(ምስል፦ የአርክቲክ ካርታ፤ አረንጓዴና ቡናማ ነጠብጣብ።)

ተራኪ፦ በሰፊው አርክቲክ ግን ከመጠውለጉ ይልቅ ልምላሜው ይበዛል። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2016 ያነሷቸው ምስሎች ሲመረመሩ፣ ከተጠኑት ዛፍ አልባ የቱንድራ ቦታዎች 37 ከመቶ ያህሉ ለምልመዋል፤ የጠወለጉት 5 ከመቶ አይሞሉም። ልምላሜን እንደ በረከት ቆጥረን ላደግን ይህ የምሥራች ይመስላል። እኔን ግን ያሳስበኛል። ቁጥቋጦው ሲረዝም ነፋስ የሚያመጣውን በረዶ ይይዛል፤ የተከመረው በረዶ ደግሞ በብርዱ ወራት አፈሩን ያሞቃል። ከዚያ አፈር በታች ለሺህ ዓመታት ሳይቀልጥ የኖረ ምድር አለ፤ ከቀለጠ የያዘው ካርቦን ወደ አየር መውጣት ይጀምራል። በሰሜኑ ዓለም በዚህ ምድር ውስጥ የተቀበረው ካርቦን በከባቢ አየር ካለው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

(ድምፅ፦ እርምጃ፣ የደረቀ ቅጠል።)

ተራኪ፦ ከሰማይ የሚመጣው ቁጥር የጥፋቱን ስፋት እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በዚያው አካባቢ የበርች ዛፎችን ቅጠል አራቁተው የሚበሉ አባጨጓሬዎችም ምድሩን ቡናማ ያደርጉታል። የ2007ቱን ጉዳት ምክንያት ለማወቅ የረዳው መሬት ላይ የተሠራ ሥራ ነው። ተመራማሪዎች ተፈጥሮ ሳትቀድማቸው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007፣ በትንንሽ መደቦች ላይ ታህተ ቀይ መብራት አንጠልጥለው፣ አፈሩን በሽቦ አሙቀው በረዶውን ሆን ብለው አቅልጠው ነበር። እዚያም ቁጥቋጦው እንዲሁ ተጎዳ።

ሞዲስ በተባለው የሳተላይት መሣሪያ በጥራት ከሚነሱት ምስሎች እንኳ አንዷ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር መሬት ትይዛለች። በዚያች ነጥብ ውስጥ ስንት ሺህ ቅርንጫፍ አለ። የትኛው እንደሞተ፣ የትኛው እንደሚያገግም ለማወቅ አሁንም ሰው ይንበረከካል፤ ቅርፊቱን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ከሥሩ አረንጓዴ መኖሩን ያያል።

(ምስል፦ በቡናማ ቁጥቋጦ መካከል የወጣች አንዲት አረንጓዴ ቀንበጥ። ድምፅ፦ ነፋስ።)