ጥርሱ የተበላ የቡሎን ቀዳዳ እንዴት ይጠገናል?

ከመኪና ዕቃ ሁሉ ርካሹ ቡሎን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ይሁን እንጂ ይኸው ርካሽ ዕቃ የሚታሰርበት ቀዳዳ ጥርሱ ሲበላ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት የሞተር ቴስታታ እስከ መጣል ይደርሳል። በተለይም የጭስ ማውጫው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝባቸው ቡሎኖች ከሌሎቹ ሁሉ ቀድመው ይበላሻሉ። የዚህም ምክንያት ምን እንደ ሆነና ጥገናው እንዴት እንደሚከናወን፣ በጁባ ከተማ ጋራዦች የሚታየውን ሥራ መነሻ በማድረግ ለማብራራት እንሞክራለን። ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ አይደለም፤ የፊዚክስም የኬሚስትሪም መምህር የሚያስተምርበት ነገር አለበት።

ጁባን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ካወጀችበት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 9 ቀን 2011 ጀምሮ ዋና ከተማ የሆነችው ይህች በነጭ ናይል ዳር ያለች ከተማ የመኪና መለዋወጫ የምታገኘው በአብዛኛው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ በካምፓላና በኒሙሌ በኩል በሚመጣው መንገድ ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር በአስፋልት ተሠርቶ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከከተማው ውጭ ያለው መንገድ ግን አብዛኛው አፈር ነው፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራና ድንጋይ። መኪናው ይንገጫገጫል፣ የጋለው ብረት ኩሬ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ አዲስ ቴስታታ ደግሞ ከሩቅ አገር ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ የተበላን ጥርስ ማዳን እዚያ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ወዲህ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደ ጁባ ሄደው በሆቴል፣ በንግድና በመኪና ሥራ ተሰማርተዋል። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ቴስታታ የሚሉት ከጣሊያን የወረስናቸው ቃላትም አብረዋቸው ሄደዋል። «ዳዶ አቀብለኝ» የተባለ ኡጋንዳዊ ረዳት ግራ ቢጋባ አያስደንቅም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ከእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ የሚሰበስበው ማኒፎልድ ከቴስታታው ጎን በቡሎኖች ይታሰራል፤ በመካከላቸው ጓርኒሲዮን አለ። ቡሎኑ ሲላላ ጋዙ በጓርኒሲዮኑ ጠርዝ ይሾልካል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ «ጠክ ጠክ ጠክ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ተለጥጦ ክፍተቱን ስለሚደፍን ድምፁ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ባለመኪናው «ራሱ ዳነ» ይልና ይነዳል። ጥቁር የጥላሸት ምልክት ግን በመገጣጠሚያው ላይ ይቀራል።

ድምፁ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። በጁባ ጎዳናዎች ሕዝብ የሚያጓጉዙት ሚኒባሶች ብዙዎቹ ሞተራቸው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ከዚያ የሚሾልከው ጋዝ በሽፋኑ ስንጥቅ አልፎ ወደ ተሳፋሪው ሊገባ ይችላል። በጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የመያያዝ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታ ያመጣል፤ ሲበዛ ይገድላል። ናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ማለት ግን ጭሱ ለመተንፈስ ይስማማል ማለት አይደለም። ሾፌሩና አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በረጅም ጉዞ ሁልጊዜ ራሳቸውን የሚያማቸው ከሆነ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ መገጣጠሚያ ነው።

ጥርሱ ለምን ይበላል? ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። 60 ሣንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን የብረት ማኒፎልድ እንውሰድ። የቀለጠ ብረት ተፈስሶ የሚሠራው ይህ ብረት፣ ጊዛ የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከርዝመቱ 11 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል። ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ቢጨምር 600 × 0.000011 × 400፣ ማለት 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በውኃ የሚቀዘቅዘው የአሉሚኒየም ቴስታታ ደግሞ የመለጠጥ መጠኑ 23 ሚሊዮንኛ ቢሆንም፣ ከ30 ወደ 90 ዲግሪ ብቻ ስለሚሞቅ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚረዝመው። ልዩነቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ነው። መካከሉ ባለበት ቢቆይ፣ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ቡሎኖች እያንዳንዳቸው 0.9 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይገፋሉ ማለት ነው፤ ይህም መኪናው በተነሣና በቆመ ቁጥር ይደጋገማል። የጫፍ ቡሎኖች ለምን ቀድመው እንደሚሰበሩ ተማሪዎች ከዚህ ስሌት ሊረዱ ይችላሉ። ብዙ ማኒፎልዶች በጫፍ በኩል ቀዳዳቸው ሰፋ ተደርጎ የሚሠራውም ለዚሁ ነው።

የአገሩ ሙቀት ነው የሚሉ አሉ። በእርግጥ ጁባ ትሞቃለች፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል በተባለ ሙቀት የተነሣ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር። ለተማሪ ይህ ከባድ ነው። ለማኒፎልድ ግን የአየሩ 10 ወይም 15 ዲግሪ መጨመር ከ400ው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ዝገት ነው። የዛገ ብረት ከንጹሑ ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል እንደ ሽብልቅ ይጠብቃል። ቡሎኑ በግድ ሲፈታ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ልጦ ይዞት ይወጣል።

ሦስተኛው የሰው እጅ ነው። 20 ሣንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ በ110 ኒውተን፣ ማለትም 11 ኪሎ በሚያህል ክብደት ብንጫን 22 ኒውተን ሜትር እናገኛለን፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን የተለመደ ማጥበቂያ ይህን ያህል ነው። በዚህ ብቻ ቡሎኑ ከ13 ሺህ ኒውተን በላይ በሆነ ኃይል ይወጠራል፤ 1,400 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ተንጠልጥሎበታል ማለት ነው። አሁን አንድ ጉልበተኛ ረዳት መፍቻው ላይ የውኃ ቧንቧ ሰክቶ ክንዱን ወደ 60 ሣንቲ ሜትር ቢያስረዝመው፣ በዚያው ጉልበት ሦስት እጥፍ ይሆናል። በራሱ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈበት ደህና ቡሎን እንኳ ከ23 ሺህ ኒውተን ብዙም ሳያልፍ መሳሳብ ይጀምራል። ስለዚህ ወይ ቡሎኑ ይበጠሳል፣ ወይ ጥርሱ ይላጣል። ቧንቧው ከጋራዥ ቢወጣ የቶርኖ ቤት ገቢ ይቀንስ ነበር።

ጥገናው የሚጀምረው አሮጌውን ቡሎን በማውጣት ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቀውም ይህ ክፍል ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ዝገት የሚያላላ ዘይት ማታ ተደርጎበት ቢያድር ይመረጣል። ሲፈታም አስቀድሞ በጥቂቱ ወደ ማጥበቅ ገፋ አድርጎ ዝገቱን መስበር፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ፈትቶ ሩብ ዙር መመለስ ነው። እምቢ ካለ እሳት የሚሰጠው ለቡሎኑ ሳይሆን በዙሪያው ላለው ብረት ነው፤ ቀዳዳው እንዲሰፋ ነውና። እሳት ከመለኮሱ በፊት የነዳጅ ቱቦዎች መራቃቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቡሎኑ ከወጣ በኋላ ቀዳዳውን መመርመር ነው። ጥርሱ ጥቂት ብቻ ከተጎዳ በታፕ ማጽዳት ይበቃል። የፊተኛው ጥርስ ተበልቶ ከውስጥ ያልተነካ ጥርስ ካለ፣ የቀዳዳውን ጥልቀት በሽቦ ለክቶ ረዘም ያለ ቡሎን ማስገባት ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥርሶች አብዛኛውን ሸክም ቢሸከሙም ጤነኛዎቹ ጥቂት ከሆኑ ይህ አያስተማምንም። ነገር ግን አንዳንዱ ቀዳዳ ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ የሚዘልቅ ስለሆነ ያለ ልክ መግባት የለበትም። ቀዳዳውን ወደ 10 ሚሊ ሜትር አስፍቶ ወፍራም ቡሎን ማሰር በጁባም በአዲስ አበባም የተለመደ ነው፤ ሆኖም የማኒፎልዱንም ቀዳዳ ማስፋት ግድ ይሆናል፣ የቴስታታው ግድግዳም ይሳሳል፣ ነገም ቢበላ ሌላ መሄጃ የለም። ከሱቅ የሚገዛውን የሚደርቅ ማጣበቂያ ሞልቶ በላዩ ጥርስ ማውጣት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ማጣበቂያው የማኒፎልድን ሙቀት አይችልም።

ከሁሉ የሚሻለው የሽቦ ጥርስ ማስገባት ነው፤ በገበያ ስሙ ሄሊኮይል ይባላል። ይህ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ የማይዝግ ብረት ሽቦ ሲሆን፣ በውጩ ሰፋ ወዳለው አዲስ ጥርስ ይገባል፣ በውስጡ ደግሞ የድሮውን ቡሎን ልክ ጥርስ ይሰጣል። ዕቃውን ሲገዙ አንድ ጥንቃቄ አለ። መካኒኮች ቡሎንን የሚጠሩት በመፍቻው ቁጥር ነው፤ «ባለ 12» የሚሉት የጃፓን መኪና ቡሎን አካሉ 8 ሚሊ ሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። «የ12» ብሎ የጠየቀ ሰው ሌላ ዕቃ ይዞ ይመለሳል።

ለዚህ ቡሎን ቀዳዳው በ8.3 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ይበሳል። ትራፓኖው ጥቂት እንኳ ካዘነበለ ቡሎኑ ከማኒፎልዱ ቀዳዳ ጋር አይገናኝምና፣ በቶርኖ የተሠራ መምሪያ ቀለበት ቢደረግለት ጥሩ ነው። የጥልቀቱ ልክ በትራፓኖው ጫፍ ላይ በፕላስተር ይታሰራል፤ ፍቅፋቂው እንዳይበተን ጫፉ ግራሶ ይቀባል። ቀጥሎ ከሽቦው ጋር የሚመጣው ልዩ ታፕ ይገባል፤ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እየተባለ ፍቅፋቂው ይሰበራል። ለአሉሚኒየም ላምባ ጠብ ይደረግለታል፤ ጊዛ ግን በደረቁ ይቆረጣል። ቴስታታው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማግኔት በማስጠጋት ይታወቃል። ቀዳዳው በአየር ሲነፋ መነጽር ማድረግ አይዘንጋ። ሽቦው በማስገቢያው ተጠምዝዞ ከላይኛው ፊት ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ዝቅ እስኪል ይገባል፤ ከታች ያለችው ምላስ ተሰብራ በፒንሳ መውጣት አለባት።

ከዚያ በኋላ ራስ ካለው ቡሎን ይልቅ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ስተድ ተተክሎ በነሐስ ዳዶ ቢታሰር ይመረጣል፤ ሌላ ጊዜ ሲፈታ የሚንቀሳቀሰው ዳዶው እንጂ የቴስታታው ጥርስ አይሆንምና። ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ መዳብ ወይም ኒኬል ያለበት ቅባት መቀባትም ጥሩ ነው። ቅባት ሰበቃን ስለሚቀንስ ግን በዚያው መጠን ቢጠበቅ ውጥረቱ ይበዛል፤ ስለዚህ የማጥበቂያው ልክ ዝቅ ይላል። የፊዚክስ መምህራን ይህን ነጥብ ለተማሪ በጥያቄ መልክ ቢያቀርቡት ጥሩ ክርክር ያስነሣል።

ማኒፎልዱ ከመመለሱ በፊት ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አቁሞ ብርሃን የሚያሳልፍ መሆኑን ማየት ያሻል። ከተጣመመ ፊቱ በማሽን ይስተካከላል፤ ይህ ካልተደረገ አዲሱ ጥርስም ዕድሜ አይኖረውም። ጓርኒሲዮኑ አዲስ መሆን አለበት። ዳዶዎቹ ከመካከል ወደ ጫፍ እየተሄደ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጠብቃሉ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ተነሥቶ በመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ሲፈስስበት አረፋ ካወጣ ጋዙ አሁንም ይሾልካል ማለት ነው። አረፋ ካላወጣ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ይሠራና ይጠፋል፤ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላም ዳዶዎቹ አንድ ጊዜ እንደገና ይፈተሻሉ።